ሶላር ወደ ጎንደር ለምትልክ ልጄ

ልጄ፣ እዚህ እስራኤል፣ አፉላ፣ ከጓደኞችህ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ ለአያቶችህ አገር የሶላር መብራት ልትልኩ መሆኑን ሰማሁ። ደግ አስበሃል። ችኩልነትህን ግን አውቀዋለሁና ጥቂት ልንገርህ።

1. የመብራት መስመር ይገባ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዕቅድ፣ እስከ 2025 ለሁሉም መብራት ሊያደርስ ነበር፤ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን በሶላርና በመሳሰለው። ዓመቱ አለፈ፣ ብዙው ገጠር ግን ዛሬም መስመር አልደረሰውም። ህዳሴ ግድብ ተመረቀ ብለህም አትዘናጋ፤ ምሰሶና ትራንስፎርመር ያልደረሰው ቀበሌ ከግድቡ የሚደርሰው ወሬው ነው። መስመር በቅርቡ የሚገባበት ከሆነ፣ ገንዘቡን ራቅ ላለው መንደር አድርገው።

2. በርካሽ አትታለል፤ በሻንጣም አትላክ። ቬራሶል በሚባለው ፕሮግራም የተመረመረ ዕቃ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ ግዛ። ሲበላሽ ዋስትናውን ይዞ የሚሄድበት ሱቅ ከሌለ ዋስትናው ወረቀት ነው።

3. ከመብራቱ በፊት ጠጋኙን ፈልግ። ከሁሉ ይህን ያዝልኝ። ስንት ደግ ስጦታ ባትሪው ሞቶ ግድግዳ ላይ ሲቀር አይቻለሁ! ጠባቂ የሌለው ሶላር እረኛ እንደሌለው ከብት ነው። ሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል መንደር አለች፤ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ወደ 2,000 ለሚጠጉ ቤቶች ሶላር አስገባ። እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። ድርጅቱ እዚያው የባለሙያ ማሠልጠኛ ከፈተ፣ እያንዳንዱም ቤት ለጥገና በየወሩ ትንሽ ያዋጣ ነበር። ገበሬ የከፈለበትን ይጠብቃል። አንተም ከመንደሩ ሁለት ወጣት አስተምር፤ አንዷ ሴት ትሁን፤ ወንዱ ሥራ ፍለጋ ከተማ ሊገባ ይችላል።

4. የት እንደሚሰቀል እናቶችን ጠይቅ። ማታ እሳት ዳር የሚጋግሩት እነሱ ናቸው፤ ወንዶቹ ግን አምፖሉን እንግዳ መቀበያው ላይ ያደርጉታል።

5. ስጦታህ የመንግሥትን ግዴታ እንዳይሸፍን። ጣራህ ላይ ያለውን ዱድ ሼሜሽ፣ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያውን፣ ተመልከት፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ረጃጅም ፎቅ ካልሆነ በቀር አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ እንዲያስገባ ሕግ ስላስገደደ እንጂ፣ በየሰዉ ደግነት እንዲህ አገር ባልሞላ። «ከእስራኤል ተልኮላችኋል» ተብሎ ወረዳው የመንደሩን የመስመር ማመልከቻ እንዳያጥፈው፣ መብራቱን በምትሰጥበት ቀን ሽማግሌዎቹ የመስመር ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያድሱ። ረቂቁን እኔ እጽፍልሃለሁ፤ የቀበሌውን ስምና የአባወራውን ቁጥር ብቻ አምጣልኝ።