የአረጋውያን ደም፦ ኦክስጅንና ኮሌስትሮል

አረጋውያንን ለመጠየቅ በየቤቱ ስንሄድ «ጣቴን ለክተው ደኅና ነህ ብለውኛል» የሚሉ አባቶችና እናቶች ያጋጥሙናል። ጣትን የሚቆነጥጠው ትንሽ መሣሪያ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቅ ስለሚገባን ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

መሣሪያው የሚለካው በደም ካለው ሄሞግሎቢን ከመቶ ስንት እጁ ኦክስጅን እንደ ተሸከመ ነው። በጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ95 እስከ 100 ይሆናል፤ ከ90 በታች ከወረደ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው አማካዩ 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ሊቃውንቱን አስደንቋል። ወረታና የፎገራ ሜዳ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ የአንድ አረጋዊ ቁጥር ከ90 ሲወርድ «ከፍታው ነው» ብሎ መተው ስሕተት ነው።

ይልቁንም የሚያታልለው መልካሙ ቁጥር ነው። ሩዝ ወደ ወረታ ገበያ የሚያመላልስ ነጋዴ መቶ አህዮች ኖረውት 97ቱ ቢጫኑ፣ ጭነቱ ብዙ ነው። አህዮቹ ግማሽ ያህሉ ቢሞቱበትና የቀሩት ሁሉ ማለት ይቻላል ቢጫኑ፣ ከመቶው እጅ ያው ሆኖ ሳለ ገበያ የሚደርሰው ሩዝ ግን በግማሽ ይቀንሳል። በደም ማነስ የሚሆነው ይኸው ነው። ወባ በሚመላለስበት በሜዳችን፣ ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያጠፋ፣ መሣሪያው 97 እያሳየ ሰውየው ጥቂት መንገድ ሄዶ ሊያለከልክ ይችላል። ስለዚህ የሄሞግሎቢን ምርመራ ራሱን ችሎ መጠየቅ አለበት። በተዘጋ ቤት ኩበት ወይም ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ መሣሪያው ግን ሁለቱን አይለይም። የቀዘቀዘ እጅና የጥፍር ቀለምም ያሳስቱታል።

ስለ ኮሌስትሮል መሣሪያው አንዳች አይናገርም። ኮሌስትሮልን ጉበት ራሱ ይሠራዋል፤ ሰውነትም ያስፈልገዋል። ኤልዲኤል የሚባለው ዓይነት ሲበዛ ግን በልብና በአንጎል ደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ እየተጋገረ ያጠባቸዋል። ሕመም ስለሌለው የሚታወቀው ደም ተቀድቶ በላቦራቶሪ ሲመረመር ብቻ ነው።

«እኔ ጾመኛ ነኝ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እርግጥ ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ነው፤ የጾም ወጥም ከዚህ ነጻ ነው። ነገር ግን ከስቡ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ በሆነው በፓልም ዘይት የተሠራ የጾም ወጥ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። የአገራችን የኑግ ዘይት በዚህ ረገድ እጅግ ይሻላል። የፎገራን ላም ቅቤ ማማት ለእኔ ይከብደኛል፤ ቢሆንም በፋሲካ ሰሞን በየድስቱ የሚጨመረው መጠን ለአረጋዊ ልብ የሚመከር አይደለም።

ስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት የታዘዘላቸው ወገኖች ጾም ገባ ብለው፣ ወይም «ሕመም አይሰማኝም» ብለው ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳያቋርጡት መምህራን በትጋት አስረዱ። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስገድድም። ደረቱን የሚጨንቀው፣ ድንገት አፉ የተጣመመ ወይም አንድ ወገኑ የደከመ አረጋዊ ካያችሁ፣ የጣቱ ቁጥር 98 ቢሆንም እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።