የውርስ አጣሪ ግዴታና ኃላፊነት፦ የጨለለቅቱ የቡና ይዞታ እንደ ማሳያ

መግቢያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኑዛዜ አስፈጻሚን ከውርስ አጣሪ ነጥሎ አይመለከትም። ሟቹ በኑዛዜው አስፈጻሚ ሰይሞ ከሆነ አጣሪነቱ የዚያ ሰው ነው። ኑዛዜ ከሌለ የሕግ ወራሾች በሕጉ መሠረት አጣሪዎች ይሆናሉ፤ ሁኔታው ሲያስገድድም ፍርድ ቤት አጣሪ ይሾማል። ይህ ጽሑፍ የአጣሪውን ግዴታዎች በጌዴኦ ዞን፣ በጨለለቅቱ አካባቢ ካለው የቡና ይዞታ አንጻር ይመረምራል።

የአጣሪው ሥራ

በሕጉ ቁጥር 956 መሠረት አጣሪው ኑዛዜ መኖሩን ይፈልጋል፤ ወራሾችን ይለያል፤ የውርሱን ሀብት ያስተዳድራል፤ የመክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ ዕዳዎችን ይከፍላል፤ የኑዛዜውን ቃል ይፈጽማል። ማጣራቱ እስኪያበቃ ድረስ የውርሱ ሀብት ራሱን ችሎ የሚቆም ስለሆነ፣ አጣሪው ከወራሾቹ አንዱ ቢሆን እንኳ በዚህ ጊዜ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ሀብቱን መለየት

በጌዴኦ ቡና፣ እንሰትና የጥላ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተሰባጥረው ይበቅላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የመሬቱ የመጠቀም መብት ለማን እንደሚተላለፍ የሚወሰነው በገጠር መሬት ሕግ ነው። የተለቀመው ቡና፣ ከብቱ፣ በእጅ ያለው ገንዘብና ሟቹ ለሌሎች ያበደረው ግን በፍትሐ ብሔር ሕግ ይመራል። አጣሪው ሁለቱን ለያይቶ መመዝገብ፣ ከዚያም በፊት የትዳር ጓደኛን የጋራ ሀብት ድርሻ መለየት አለበት።

ጊዜ የማይሰጥ ምርት

ለአብነት አንድ ገበሬ በኅዳር ወር፣ ቡናው ቀልቶ ሳለ ቢሞት፣ ወራሾቹ በድርሻ እስኪስማሙ እሸቱ አይጠብቅም። ማሳው ሳይለቀም ቢቀር ጉዳቱ የሁሉም ነው። የማስተዳደር ግዴታ አጣሪው በወቅቱ እንዲያስለቅም ይጠይቃል፤ ፍሬና አዝመራ መሸጥም በሥልጣኑ ሥር ነው። የተለቀመውን ኪሎ፣ የተሸጠበትን ዋጋና የለቃሚውን ሂሳብ ግን መመዝገብ ይገባዋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የወራሾች ሁሉ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የአከፋፈል ቅደም ተከተል

ቁጥር 1014 ቅደም ተከተሉን ያስቀምጣል፦ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟቹ ዕዳ፣ በአራተኛ ደረጃ የቀለብ ዕዳ፣ በመጨረሻም በኑዛዜ የተሰጡ ልዩ ስጦታዎች። ሟቹ ለወንድሙ ልጅ በሬ ተናዝዞ ያልተከፈለ ብድር ቢኖርበት፣ ብድሩ ይቀድማል። በሬውን አስቀድሞ ያስረከበ አጣሪ በጥፋቱ ለሚደርሰው ጉዳት ሊጠየቅ ይችላል።

ማጠቃለያ

የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ወራሾችን ሊያስታርቁ ይችላሉ፤ ሆኖም የወራሾች ስምምነት ያልተሳተፈበትን ባለዕዳ ጠያቂ መብት አያስቀርም። እርቅንም የሚያጸናው ግልጽ ሂሳብ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭና ክፍያ በወቅቱ ከተጻፈ፣ አጣሪው ሥራውን ሲያስረክብ ወራሾቹ የሚከፋፈሉት የታወቀ ሀብት ይሆናል፤ ካልተጻፈ ግን በቅንነት የሠራ አጣሪም ቅንነቱን የሚያስረዳበት ማስረጃ አይኖረውም።