ትምህርትና አገልግሎት

ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ወጥተው አንድ ቀን መንደር ቢያጸዱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መንደሩ ስለ ምን እንደሚቆሽሽ ካልመረመሩ ከሥራው የሚያገኙት ዕውቀት ጥቂት ነው።

አገልግሎትን ከትምህርት ጋር በማያያዝ ረገድ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በዚያን ጊዜ በገጠር የሚሠራ የጤና ባለሙያ እጅግ ጥቂት ነበር። በዓመቱ፣ በ1954፣ ኮሌጁ ተቋቋመ፤ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችም በአንድነት ይሠለጥኑበት ጀመር።

ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። በዚያም በሽተኞችን ይረዳሉ፤ የመጠጥ ውሃውንና የመጸዳጃውን ሁኔታ ይመረምራሉ፤ ያዩትንም ጽፈው ለመምህራን ያቀርባሉ። ስለዚህ ሕዝቡ ሲረዳ ተማሪውም በክፍል የሰማውን ከኑሮ ጋር ያመዛዝን ነበር። አገልግሎት ትምህርት የሚሆነው ሥራው በጥናት ሲቀድም፣ በዘገባም ሲፈጸም ነው።

ጥያቄዎች
፩. ኮሌጁ እንዲቋቋም ያስገደደው ችግር ምን ነበር?
፪. የአንድ ቀን ጽዳት ከተማሪዎቹ የቡድን ሥራ በምን ይለያል?
፫. «ወረርሽኝ» እና «አመዛዘነ» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።