ትምህርታዊ ጉብኝት፦ የራስ ተፈሪ ቤት ምን ያስተምራል?

«መቶ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሄዶ ሳያይ የሚመለስ ተማሪም ብዙ ነው። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ከ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ሐረር ደርሰን ነበር። ከዚያ ጉብኝት የተማርነውን ለእናንተ ለእጩ መምህራንና ለመምህራኖቻችን ለማካፈል ይህን ጻፍን።

ከድሬዳዋ ተነስተን የደንገጎን ዳገት ወጣን፤ ሐረማያንና አወዳይን አልፈን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ሐረር ገባን። መድረሻችን በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኘው የራስ ተፈሪ ቤት ነበር። ቤቱን ያሠራው የህንድ ነጋዴ እንደሆነ ይነገራል፤ የእንጨት ሥራውም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት፣ በ1902 ዓ.ም. የሐረር ገዥ የሆኑት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን፣ ማለትም የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት እዚህ ነው ይባላል። ኋላ ደግሞ ቤቱ አቶ አብደላ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ጥንታዊ ገንዘቦችና ጌጣ ጌጦች የሚታዩበት ሙዚየም ሆነ። እንግዲህ አንድ ቤት ነጋዴን፣ መስፍንንና ቅርስ ሰብሳቢን አስተናግዷል ማለት ነው።

እኛ ግን ምን አደረግን? ደረጃው ላይ ቆመን ዓመተ ምህረት አስጻፍን። ራስ መኮንን የሐረር ገዥ የሆኑት በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ነው አልን። ይኼኔ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የአያቴ ቅድመ አያት ጨለንቆ ላይ ነው የሞቱት። እሳቸውስ የት ተጽፈዋል?» አለች። እኛም መልስ ስላልነበረን «ይኼ ከዛሬው ርዕስ ውጪ ነው» ብለን አለፍን። ልጅቷ ደብተሯን አጠፈች። ስንመለስ ሌሎቹ ሸንኮራ እየበሉ ሲዘፍኑ እሷ ድሬዳዋ እስክንገባ ቃል አልተነፈሰችም።

ጥፋቱ የኛ ነው። በድሬዳዋ አንድ ክፍል ውስጥ የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የሐረሪ፣ የአማራ፣ የጉራጌ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ለአንዱ አያት ድል የነበረው ለሌላው አያት ሐዘን ነበር። መምህር አንዱን ብቻ ከተረከ ከተማሪዎቹ ከፊሎቹን በር ላይ ትቶ ገባ ማለት ነው።

በሳምንቱ ተማሪዎቹን ሁሉ «ሽማግሌዎቻችሁን ስለዚያ ዘመን ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ» አልናቸው። ልጅቷ ከአያቷ የሰማችውን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ አነበበች። ክፍሉ እንደዚያ ጸጥ ብሎ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው። እኛም ይቅርታ ጠየቅናት።

ስለዚህ ለጉብኝት የምትዘጋጁ እጩ መምህራን የሚከተሉትን ብታስቡባቸው መልካም ነው እንላለን፦

1ኛ/ መምህሩ ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ይይ።
2ኛ/ የመኪና ክፍያ በጊዜ ተነግሮ ቀስ በቀስ ይሰብሰብ፤ ሳንቲም ያጣ ልጅ ቤት አይቅር።
3ኛ/ ተማሪ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ለምሳሌ፦ «ይህ ቤት የማን ነበር? ማን ሠራው? ማን ኖረበት?»
4ኛ/ ከመምህሩ ንግግር ይልቅ ለዓይን ጊዜ ይሰጥ። በሩን፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውን ይሳሉ።
5ኛ/ ከጉብኝቱ በኋላ ውይይት ይደረግ። መልሱን ካላወቅን «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» ማለት ነውር አይደለም።

ከድሬዳዋ ሲወጣ ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ሐረር፣ ቀኙ በቁልቢ በኩል ጨለንቆ ይወስዳል። በሚቀጥለው ጉብኝት መገንጠያው ላይ መኪናውን አስቁመን ሁለቱንም መንገድ ለተማሪዎቹ እናሳያለን።