ከደጋ ወርዶ በቆላ ሙቀት ለሚሮጥ ሰው የሚያስፈልገው ዝግጅት

የበጋው ወራት እየገፋ በሄደ ቍጥር ከደጋ ከተሞች ወደ ቆላ ወርደው የሚሮጡ ሰዎች ይበዛሉ። አንዱ ለውድድር ይሄዳል፤ ሌላው ለሥራ ተዛውሮ የጧት ልማዱን ላለመተው ይሮጣል፤ ሌላውም ዘመድ ሊጠይቅ ወርዶ እግሩን ሊያፍታታ ይወጣል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በአንድ አሳብ ሲሳሳቱ እናያለን፤ ይኸውም «በእንጦጦ ዳገት፣ በቀጭን አየር የሮጥሁ ሰው በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ምን ያቅተኛል?» የሚለው ነው። አሳቡ በከፊል እውነትነት አለው፤ በቆላ አየሩ ወፍራም ስለ ሆነ እስትንፋስ አያጥርም። ነገር ግን ከፍታ የሚያሠለጥነው ሳንባንና ደምን ነው እንጂ ሙቀትን መቻል አያስተምርም። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ትምህርት ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። ይህ ጊዜ በምን ዐይነት መዋል እንደሚገባው በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንወዳለን።

ለነገሩ ምስክር የሚሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓለም ፊት ታይቷል። መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ደመራ በተለኮሰበት በመስቀል ዋዜማ ሌሊት፣ በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ተደርጎ ነበር። አዘጋጆቹ የቀኑን ፀሐይ ፈርተው ሩጫውን በእኩለ ሌሊት አስጀመሩት። ቢሆንም በዚያ ሰዓት እንኳ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩም እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። አገራችንን ወክለው የተሰለፉት ሦስቱም ሴቶች በዓለም የታወቁ ሯጮች ሲሆኑ ከመንገድ ወጡ። አሸናፊዪቱም 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ፈጀባት፤ ይህ በቀዝቃዛ አየር ሲሮጡ ከሚያስመዘግቡት እጅግ የዘገየ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰዓት የተደረገው የወንዶች ማራቶን ግን አየሩ ለዘብ ብሎ ስለ ነበረ ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ሆነው ገቡ። ይህን የምናነሣው ያቋረጡትን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም በጊዜ ማቋረጥ የዐዋቂ ሥራ መሆኑን ወደ ፊት እንገልጻለን። ፀሐይ በሌለችበት ሌሊት እንኳ ሙቀትና እርጥበት ተባብረው የሠለጠነን ሰው ሊጥሉ እንደሚችሉ ለማሳየት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አካላችን ሙቀትን እንዴት እንደሚያስወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ጡንቻ ምግብን ሲያቃጥል ለእንቅስቃሴ የሚውለው ኃይል ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ነው፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎሜትር ቢሮጥ 600 ኪሎካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ ከዚህም 480 ያህሉ ከሰውነቱ መውጣት ያለበት ሙቀት ነው። ደም ይህን ሙቀት ከጡንቻ ተሸክሞ ወደ ቆዳ ያደርሰዋል፤ በቆዳ ላይ ያለው ላብም ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ሥርዐት ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲያልቅ 580 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ያስወግዳል። እዚህ ላይ «ተንኖ ሲያልቅ» ማለታችንን አንባቢ ልብ ይበል። ከግንባር ወርዶ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ላብ ውኃና ጨው ያባክናል እንጂ አያቀዘቅዝም። በክረምት የታጠበ ልብስ በገመድ ላይ ሳይደርቅ እንደሚውል ሁሉ፣ በእርጥብ አየርም ላብ ከቆዳ ላይ አይተንም። ስለዚህ በእርጥበታማ ቦታ 30 ዲግሪ፣ በደረቅ ቦታ ከሚሆን 35 ዲግሪ ይልቅ ሊከፋ ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። ደሙ ሁለት ጌቶች ይኖሩታል፤ ጡንቻው ለሥራ፣ ቆዳው ለማቀዝቀዝ ይሻዋል። ላብ በወጣ ቍጥር ደግሞ ደሙ ራሱ ይቀንሳል። ልብም ለሁለቱ ለማዳረስ እየፈጠነ ይመታል። በአዲስ አበባ ቀላል የነበረው እርምጃ በቆላ የሚከብደው በዚህ ምክንያት እንጂ በሯጩ ስንፍና አይደለም።

ደስ የሚያሰኘው ነገር አካል ይህን መማር መቻሉ ነው። በየቀኑ በሙቀት ውስጥ በልክ የሚንቀሳቀስ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀኖች የደሙ ውኃ ይጨምራል፤ የልቡም ምት ይረጋጋል። ከዚያ በኋላ ላብ ቀደም ብሎ መምጣትና መብዛት ይጀምራል፤ በላቡ ውስጥ የሚወጣው ጨውም ያንሳል። ትምህርቱ በአብዛኛው የሚፈጸመው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቅዳሜ ማታ በአውቶቡስ ደርሶ እሑድ ጧት በውድድር የሚሰለፍ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይማር ለፈተና እንደ ቀረበ ተማሪ ነው።

ስለዚህ የሚችል ሰው ከሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይውረድ። በመጀመሪያው ቀን ከ20 ደቂቃ የበለጠ አይሩጥ፤ ያውም ከጓደኛው ጋር እየተጫወተ መሄድ እስከሚችልበት ልክ ብቻ ይሁን። ከዚያ በየቀኑ አምስትም አሥርም ደቂቃ እየጨመረ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አንድ ሰዓት ይድረስ። የፍጥነት ልምምድ ከሁለተኛው ሳምንት በፊት አይታሰብ። የእጅ ሰዓቱንም ለጊዜው ቢተወው እንመክራለን፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በደጋ የለመደውን ደቂቃ በቆላ ለማስመዝገብ ሲታገል ነው። በቀረው የቀኑ ክፍል ጥላ ሥር መዋልና በደንብ መተኛት ይገባል። ቀደም ብሎ ለመውረድ የማይችል ሰው ቢኖር ሩጫውን ዘግየት አድርጎ ከመሮጥ በቀር ሌላ መላ የለውም ማለት ይቀናን ነበር። ሆኖም የአዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ሀብት በደጁ አለው።

ይህም ፍል ውኃ ነው። በዌልስ አገር በባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ምርምር፣ በመጠነኛ አየር ለ40 ደቂቃ ከሮጡ በኋላ በ40 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ውስጥ እስከ 40 ደቂቃ የተቀመጡ ሰዎች፣ ይህን ለስድስት ተከታታይ ቀናት ካደረጉ በኋላ በሙቀት ሲሮጡ የሰውነታቸው ትኩሳት ከቀድሞው ያነሰ እንደ ሆነ አሳይቷል። እቴጌ ጣይቱን ወደ ፊንፊኔ ሜዳ የሳበው ፍል ውኃ እንግዲህ ለሯጭም የሚሆን ጥቅም አለው። ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። ከምንጩ የሚወጣው ውኃ በቀዝቃዛ ሳይለዝብ የሚቻል አይደለምና ሙቀቱ በቴርሞሜትር ይለካ። በመጀመሪያው ቀን ከ15 ደቂቃ አይበልጥ። ማንም ብቻውን አይግባ፤ ራሱን ያዞረው ሰው ወዲያው፣ ነገር ግን ቀስ ብሎ ይውጣ። የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ፈጽሞ አይሞክሩት።

ስለ ውኃና ስለ ጨው ደግሞ እንናገር። በሙቀት የሚሮጥ ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ሊትር፣ አንዳንዱም እስከ ሁለት ሊትር ላብ ያወጣል። የራሱን መጠን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሩጫ በፊትና በኋላ ላቡን አድርቆ፣ ያለ ልብስ በሚዛን ላይ ይቁም። 60 ኪሎ የነበረ ሰው 59 ቢሆን የጎደለው አንድ ሊትር ያህል ውኃ ነው፤ ከ1 ኪሎ ከ200 ግራም በላይ ከጎደለው ግን በመንገድ የጠጣው አልበቃውም ማለት ነው። ሚዛን የሌለው ሰው ሽንቱን ይመልከት፤ ቀለሙ እንደ ጠቈረ ሻይ ከሆነ ውኃ ጎድሎታል። በዚህ ፈንታ ያለ ልክ መጠጣትም ሌላ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት 488 ሯጮች 13 በመቶው በደማቸው ውስጥ ያለው የሶዲየም ጨው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናውም ምክንያት በሩጫው ጊዜ ከመጠን በላይ መጠጣታቸው ነበር። ስለዚህ በጥም ልክ መጠጣት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚሮጥም ጨውና ስኳር የገባበት ውኃ መያዝ ይሻላል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ያልተቈለሉ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይበቃል። የውኃው ንጽሕና የተረጋገጠ ይሁን፤ ተቅማጥ የያዘው ሰው እስኪድን ድረስ በሙቀት መሮጥ አይገባውም።

በጾም ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይቀምስ ሰው ጾሙን መተው አያስፈልገውም፤ የሩጫውን ሰዓት ይለውጥ። ከማፍጠሪያው ጥቂት ቀደም ብሎ በዝግታ መሮጥ፣ ወይም ካፈጠሩና ከጠጡ በኋላ ምሽት ላይ መሮጥ ይቻላል። ጧት ሮጦ እስከ ማታ በጥም መዋል ግን ኵላሊትን ይጎዳል። ጫትም የልብን ምት የሚያፈጥን ነገር ስለ ሆነ ከሩጫ ጋር አይስማማም። የማታ አረቄም የጧቱን ሯጭ ውኃ ያሳጣዋል። በቆላ ደግሞ የወባ ነገር አይረሳ። ሯጩ በአጎበር ይተኛ፤ ትኩሳት የተሰማው ቀን «በላብ ይወጣል» ብሎ ከመሮጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር።

«በላብ ይወጣል» የሚለው አነጋገር ሌላም ጥፋት አስከትሏል። ክብደት ለመቀነስ ብለው ፕላስቲክ በሆዳቸው ጠቅልለው፣ ወፍራም ካፖርት ደርበው የሚሮጡ አሉ። በዚህ ዐይነት የሚቀንሰው ውኃ ብቻ ነው፤ ውኃ ሲጠጡም ይመለሳል፤ ላቡ ግን እንዳይተን ይታገዳል። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን የሮጠው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በሙቀት ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። እንደሚነገረው ፀሐይ እንዳታቃጥለው ብሎ ገላውን ስብ ተቀብቶ ነበር። ቫዝሊን ጭንና ብብት እንዳይላጥ በጥቂቱ ቢቀቡት አይጎዳም፤ ገላን በሙሉ በቫዝሊን ወይም በቅቤ መሸፈን ግን የላብን መንገድ መዝጋት ነው። ልብሱ ስስ፣ ሰፋ ያለና ነጣ ያለ ይሁን፤ ባርኔጣውም አየር የሚያስገባ ይሁን።

ሰዓትን መምረጥ ከሁሉ የቀለለው መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ ያሸነፈበት የሮማ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን የተፈጸመ ነው። በቆላ ጎሕ ሲቀድ መሮጥ ከሁሉ ይሻላል፤ በምሽት መንገዱና ግድግዳው ቀኑን የሰበሰቡትን ሙቀት ይተፋሉና።

አሁን ሰው ሁሉ ሊያውቀው ወደሚገባው ነገር ደርሰናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ በሙቀት መካከል ብርድ ብርድ ማለት ከመጡ ሯጩ ወዲያው ያቁም፤ ጥላ ውስጥ ገብቶ እግሩን ከፍ አድርጎ ይጋደምና ይጠጣ። እንዲህ በጊዜ ያቆመ ሰው በጥቂት ጊዜ ይሻለዋል። ነገር ግን ሰውየው የሚንገዳገድ፣ የማይገናኝ ቃል የሚናገር፣ ያለ ምክንያት የሚቈጣ፣ ወይም የት እንዳለ የማያውቅ ከሆነ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሄዷል ብሎ መገመት ይገባል። ይህ በሙቀት መመታት ነው፤ ካልተረዳ ይገድላል። «ገና ያልበው የለምን?» ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ በሩጫ የተመታ ሰው ቆዳው በላብ እንደ ራሰ ሊወድቅ ይችላል።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ ነው። ልብሱንና ጫማውን አውልቆ በቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ገንዳ ወይም ትልቅ ሳፋ ውስጥ እስከ አንገቱ መንከር፣ ራሱንም ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል። በረዶ ከተገኘ ውኃው ውስጥ ይጨመር። ገንዳ ከሌለ በባልዲ ደጋግሞ ማፍሰስ፣ በራሰ ነጠላ መሸፈን፣ ነጠላው ሲሞቅ መለወጥና ያለ ማቋረጥ ማራገብ ነው። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተደረገ ሰውየው የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ። የትኩሳት ክኒንም ለዚህ ዐይነቱ ሙቀት አይረዳም። ክብሪት ማሽተትና በዙሪያው ተሰብስቦ አየር መከልከል ከምናየው ልማድ ሁሉ የሚያሳዝነን ነው፤ ከተሰበሰበው ሰው እኩሌታው ውኃ ለማምጣት ቢሮጥ በበቃ ነበር።

አንድ ጊዜ በሙቀት የተመታ ሰው ሐኪም ሳይፈቅድለት ወደ ሩጫ አይመለስ። በደኅና የሮጠውም ሰው ያገኘው ትምህርት የዘለቄታ አይደለም፤ ወደ ደጋ ከተመለሰ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቈይና እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ዓምና በድሬዳዋ የሮጠ ሰው ዘንድሮ ሲወርድ ቍጥሩን እንደገና ከመጀመሪያው ቀን፣ ከሃያው ደቂቃ ይጀምራል።