በመገጣጠሚያ ሽፋን ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት በአልትራሳውንድ ስለማየት

እንደሚታወቀው በአገራችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ቁርጥማት» ይባላል። በቆላ ድባና በደምቢያ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ ሲያጭዱ የኖሩ እናቶች ጣታቸው ቢያብጥ «ሥራው ነው፣ ብርዱ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔም የዚያው አካባቢ ልጅ ነኝና ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ነገር ግን የድካም ሕመምና ሩማቶይድ አርትራይተስ ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው በጊዜ ካልታከመ አጥንት ይቦረቡራል።

መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ሲኖቪየም ይባላል። ጤነኛ ሲሆን በምስሉ ላይ የደም ፍሰት አይታይበትም፣ ቢታይም ጥቂት ነው። ሲቆጣ ግን ይወፍራል፤ አዳዲስ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ያበቅላል። እነዚህን የሚያሳየን ፓወር ዶፕለር ነው። መነሻው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ጥሩምባ እየነፋ የሚመጣ መኪና ድምፁ ሲቀርብ ይቀጥናል፣ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። ከሚንቀሳቀስ የደም ሴል ነጥሮ የሚመለስ ድምፅም እንዲሁ ይለወጣል። ፓወር ዶፕለር የሚያሳየው የፍሰቱን አቅጣጫ ሳይሆን የምልክቱን ጉልበት ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ደም ለማየት ይመቻል።

ውጤቱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። 0 ቀለም የለም፤ 1 ጥቂት ነጠብጣብ፤ 2 ከዚያ በልጦ ከሽፋኑ ግማሽ ያላለፈ፤ 3 ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

ታዲያ «0» ሁልጊዜ «ቁጣ የለም» ማለት ነው? አይደለም። ፕሮቡን ጫን ካደረግነው ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ይጨፈለቁና ቀለሙ ድርግም ይላል። ስለዚህ ጄሉ ይብዛ፣ እጃችን ይቅለል፣ የታካሚው እጅ ዘና ብሎ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ፒአርኤፍ የሚባለው ማስተካከያ ዝቅ ይበል። ጌይኑ የሐሰት ነጠብጣብ እስኪታይ ከፍ ተደርጎ፣ ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ቀስ እየተባለ ይቀነስ። ታካሚው እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ወስዶ እንደሆነም ይጠየቅ፤ ምልክቱን ሊቀንሰው ይችላልና። በሌላ በኩል ቀለም ስለታየ ብቻ ሩማቶይድ ነው አይባልም፤ ሪህና ኢንፌክሽንም ሽፋኑን ያስቆጣሉ። ኢንፌክሽን ከተጠረጠረ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ መመርመር አለበት።

ቆላ ድባ ለጤና ተማሪ አዲስ ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን እዚያ ጤና ጣቢያ እየላከ ያሠለጥን ነበር። ዛሬም አንዲት እናት ከዚያ ተነስታ ከተማ ድረስ መጥታ፣ ፕሮቡ ስለተጫነ ብቻ «0» ተብላ ብትመለስ መድኃኒቷ ይዘገያል፤ የተቦረቦረው አጥንት ደግሞ እንደ ቀድሞው አይሆንም። እንግዲህ «0» ብለን ከመጻፋችን በፊት እጃችንን አቅልለን አንዴ ደግመን እንይ እላለሁ።