የጭቃው ቤተ ክርስቲያን ትምህርት

የንባብ ክፍል፦ ነህምያ ምዕራፍ 3



ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያደሱትን ሰዎች በየስማቸው ይዘረዝራል። ካህናት፣ ወርቅ አንጥረኞች፣ ሽቶ ቀማሚዎች፣ ሰሎምም ከሴቶች ልጆቹ ጋር በሥራው ነበሩ። አንዳንዶቹ ያደሱት በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ነው። ይህን ክፍል ስናጠና በሩቅ አገር የሚገኝ የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይረዳናል።

በዩናይትድ ስቴትስ፣ በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት፣ ራንቾስ ዴ ታኦስ በምትባል ደረቅና ከፍተኛ ቦታ ላይ ባለች መንደር የቅዱስ ፍራንሲስ ካቶሊካዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። አገሩ በስፔን ግዛት ሥር ሳለ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1816 ገደማ ተፈጸመ። ግድግዳው እንደ እኛ አገር ጭቃ ቤት ማገር የለውም። አፈርና ጭድ ተቦክቶ በፀሐይ በደረቀ ጡብ የተሠራ ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ዝናብና በረዶ ልስኑን ስለሚያጥቡት ምእመናኑ ጭቃ አቡክተው እንደገና ይለስኑታል። ሥራውን በስፓኒሽ ኤንሃሬ ይሉታል፤ በቀድሞው ልማድ የሴቶች ሙያ ነበረ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሕንጻው በሲሚንቶ ተለሰነ። አሳቡ በጎ ነበረ፤ ዕድሜ እንዲሰጠውና ድካም እንዲቀር ነው። ጭቃ ግን እርጥበት ሲገባበት መልሶ ወደ አየር ያወጣል፤ ሲሚንቶ ይህን ይከለክላል። ልስኑ ሲሰነጠቅ ውኃ ገባ፤ መውጫ አጥቶም ጡቡን ከውስጥ አበሰበሰው። ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስለው ግድግዳ ከውስጥ ይፈርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሚንቶው ተነቀለ፤ የተጎዳው ጡብ ታደሰ፤ ምእመናኑም ወደ ጭቃው ተመለሱ። በበጋቸው መጀመሪያ ሽማግሌውም ወጣቱም ተሰብስቦ የመለሰኑ ልማድ ዛሬም አለ።

እኛም ተመሳሳይ ስሕተት ሠርተናል። አንድ አጥቢያ የጭቃ ጸሎት ቤቱን እንድናድስለት በጠየቀን ጊዜ ሲሚንቶ ጭነን ሄድን። በየዓመቱ ይለስኑት የነበሩትን እናቶች አንድም ጥያቄ አልጠየቅናቸውም። ልስኑ በተሰነጠቀ ጊዜ ሽማግሌዎቹ፣ «ያሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተው አድሱት» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ የእኛ ነው የሚለውን ልባቸውንም ጎድተን ነበር።

ሲሚንቶ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ በስፍራው ይጠቅማል። ነገር ግን ከታሪኩ ሦስት ነገር እንማራለን።

1. ከመስጠታችን በፊት ሥራውን የሚያውቁትን እንጠይቅ።
2. ስጦታው ሲበላሽ የአገሩ ሰው ሊጠግነው ይችል እንደሆነ እንመርምር።
3. ድካም ሁሉ ሸክም አይደለም። አብሮ ጭቃ ማቡካት ጉባኤን ያያይዛል፤ ልጆችም ሙያውን ከእናቶቻቸው ይማሩበታል።

ለውይይት፦

ሀ) በአጥቢያችን እኛው የምናድሰው ምንድን ነው? ሌላ ሰው እንዲያድስልን የምንጠብቀውስ?

ለ) በፕሮጀክታችን ከውጭ አምሮ ከውስጥ የሚበሰብስ ነገር ይኖር ይሆን?

ሐ) ሳንጠይቃቸው የቀረን ሙያተኞች እነማን ናቸው?

በመጨረሻም እያንዳንዳችን በቤታችን ፊት ያለውን ክፍል ለይተን በጸሎት እንያዝ። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።